አለምገና ላይ የሚለያየው መንገድ

አባቴም እናቴም ጉራጌ ነበሩ፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ግን በአማርኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ አይገርመኝም ነበር። አዲስ አበባ ስለምንኖር ነው ብዬ አልፌው ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሰው ሱቅ ሲመጣ አባቴ በቋንቋው ሲያወራ እሰማለሁ። እናቴም ከእህቷ ጋር ጓዳ ገብታ በቋንቋዋ ስትንሾካሾክ እሰማለሁ። ታዲያ ሁለቱ ለምን እርስ በርስ አያወሩበትም? ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እናቴን ጠየቅኋት። ቆጮ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፣ «የእሱን ማን ይሰማዋል ብለህ ነው?» አለችኝ።

አባቴ ክስታኔ ነው፤ ሶዶ፣ ከቡኢ ወዲያ ካለ መንደር። እናቴ የቸሃ ልጅ ናት፤ እምድብር አጠገብ ተወልዳ ያደገች። መርካቶ ላይ ሁለቱም «ጉራጌ» ናቸው፤ አለቀ። እኔም ትምህርት ቤት ስመዘገብ «ጉራጌ» ተብዬ ተጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ምናምን ዓመት በየመዝገቡ፣ በየመታወቂያው፣ በየቅጹ ይኸው አንድ ቃል ይከተለኛል። ቃሉን አልጠላውም። ሥር ሥሩን ስሄድ የደረስኩበትን ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ተሰበረ ብርጭቆ ልንገራችሁ። አባቴ ቡና ሊጠጣ ሲቀመጥ በክርኑ የውሃ ብርጭቆ ገፍቶ ጣለ። እናቴ ሳታስበው በቋንቋዋ «ሰፐረም!» አለች። ያን ቀን ቤታችን የነበረችው የእዣ ሴት ሳቋን ለቀቀችው፤ እሷ «ሰበረም» ነው የምትለው፣ «በ»ን ጥብቅ አድርጋ። ቸሃዎች ቃል አያጠብቁም፤ ሌላው የሚያጠብቀውን «በ» እነሱ «ፐ» ያደርጉታል። እዣና ቸሃ ግን ኩታ ገጠም ናቸው፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ ይጋባሉ፣ ሁለቱም ከሰባት ቤት ይቆጠራሉ። እናቴ «እናንተ እዣዎች ቃሉን ትረግጡታላችሁ» ስትል፣ ሴትዮዋ «እናንተ ደግሞ ትተፉታላችሁ» ስትል፣ አባቴ ከመሬት የብርጭቆ ስባሪ እየለቀመ ዝም አለ። ከሁለቱም ክርክር ውጪ ነበር፤ የእሱ ክስታንኛ ሌላ ነው።

ሰባት ቤት የሚባሉት ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ እንደጋኝና ምሁር-አክሊል ናቸው። ቆጠራው እንደ ቆጣሪው ሊለያይ ይችላል፤ ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ እኔ የእናቴን ነው የምይዘው። ሶዶ ክስታኔ ከዚህ ቤት ውጪ ነው። መስቃን አለ፣ ዶቢ አለ፣ ወለኔ አለ፣ ስልጤ አለ፤ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ደግሞ ዛይ አለ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የአዲስ አበባ ሰው በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሲጠራው ኖሯል።

ቃሉ ከየት መጣ? የአባቴ ወገን የሚያወራው ታሪክ በ14ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜ አዝማች ስብሃት የሚባል የጦር አለቃ በሰሜን አከለ ጉዛይ ውስጥ ካለው ጉራዕ ተነሥቶ ሠራዊቱን ይዞ እንደሰፈረ፣ ስሙም ከዚያ እንደተወሰደ ነው። ሌሎች «ጉራ» ግራ ነው፣ «ጌ» አገር ነው፤ በስተ ግራ ያለ አገር ማለት ነው ይላሉ። ስልጤዎች ደግሞ ወደ ሰሜን አይመለከቱም፤ ሐጂ አልዬ ከሐረር መጡ ነው የሚሉት። እኔ በየትኛውም አልምልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው የተባሉት ሰዎች አባታቸው ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይጠቁማል።

ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገቡበትም መንገድ አንድ አይደለም። የሶዶ ክስታኔዎች፣ ስማቸው ራሱ «ክርስቲያን» ማለት ነውና፣ ለምኒልክ ቶሎ ገቡ። ሰባት ቤትና ቀቤና አካባቢ ግን ሐሰን እንጃሞ በእስልምና ስም ሕዝቡን አስተባብሮ ለዓመታት ተዋጋ፤ ራስ ጎበና ጀብዱ ሜዳ ላይ ድል እስካደረጉት ድረስ። ስለዚህ አባቴ ስለ ምኒልክ ሲናገርና የእናቴ አባት ሲናገር አንድ ንጉሥ የሚያወሩ አይመስልም። አያቴ የምኒልክን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ አክብሮት ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ከተማው አንድ ያደረጋቸው። እንሰት ሰው ያጠግባል፤ ብር ግን አይወጣውም። ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረህ ዓመት ብታቆየው አይበላሽም፤ ግብር ሰብሳቢው ግን ቆጮ አይቀበልም፣ ብር ይላል። ብሩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ጎልማሳው ሚስቱን እንሰት ውስጥ ትቶ መጣ፤ ተሸከመ፣ ቆፈረ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ብሩን ይዞ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ በከተማው አፍ «ጉራጌ» የዘር ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራ ስም ሆነ። «ጉራጌ ጥራልኝ» ማለት «ተሸካሚ ጥራልኝ» ማለት ሆነ። ከቸሃ የመጣም ከወለኔ የመጣም ያው ነው፤ ጀርባውን እንጂ አገሩን የሚጠይቅ የለም። አባቴ ይህን ሲናገር አይቆጣም ነበር፤ «ስም የሰጠን ሸክሙ ነው» ይል ነበር።

አባቴ የመጣው በጣሊያን ጊዜ ነው፣ በአሥራ አራት ዓመቱ። ጣሊያን የአራዳ ጊዮርጊስን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለአገሬው ሰው ብሎ የተለየ ገበያ ያቋቋመው ያኔ ነው፤ መርካቶ የምንለው። ያኔ እዚያ ትልልቁ ንግድ በዓረቦች እጅ ነበር። አባቴ ለአንድ የመናዊ ሱቅ ጥቅል አቡጀዲ እየተሸከመ ጀመረ። ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ ያድራል፤ ሌሊት ሌሊት በፋኖስ ሜትር መለካት ይማራል። ቀጥሎ ሱቅ በደረቴ ያዘ፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ መርፌ፣ ማበጠሪያ። ከዚያ ዕቁብ ገባ። ዕጣው ሲደርሰው አንድ መዝጊያ ያላት ሱቅ ተከራየ። ይህ ታሪክ የሺህ ሰው ታሪክ ስለሆነ ላራዝመው አልፈልግም። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር፤ የዕቁቡ አባላት ሃያ አራት ነበሩ፤ ሃያ ሁለቱ ክስታኔ። ሁለቱ የገቡት ዋስ አምጥተው ነው። የከተማው ሰው «ጉራጌ እርስ በርሱ ይረዳዳል» ሲል ትክክል ነው። የትኛው ጉራጌ የትኛውን እንደሚረዳ ግን ያውቃል ማለት አይደለም።

ወላጆቼ የተጋቡት በ1942 ዓ.ም. ነው። እናቴ ወንድሟ ዘንድ መጥታ ቅመም ትሸጥ ነበር። ሽምግልናው ሦስት ወር ፈጀ። ነገሩ ጥሎሽ ላይ አይደለም የከረመው፤ በማን ሕግ እንዳኛለን በሚለው ላይ ነው። ሰባት ቤት የየጆካ ቅጫ አለው፤ ክስታኔ የጎርደና ሴራ አለው። ሁለቱም ያኔ ያልተጻፉ ሕጎች ነበሩ፣ ሁለቱም በሽማግሌ ጉባኤ ይታያሉ፤ ስለ ካሳ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬት ድንበር ይዳኛሉ። ግን የእናቴ ወንድሞች «ልጃችን ብትበደል የምንከስበት ሸንጎ የት ነው?» አሉ። የአባቴ ወገኖችም መልስ አልነበራቸውም። በመጨረሻ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሽማግሌ፣ «ቢጣሉ አዲስ አበባ ናቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ» ብሎ ገላገላቸው። እናቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር። በአገሯ በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ልጅ ወርድወት የምትባል የምሁር ሴት የየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ፣ ሴትም ባሏን መፍታት ትችል ዘንድ ተከራክራለች። «ወርድወት የጆካ ላይ ተከራከረች፤ እኔን ፖሊስ ጣቢያ ላኩኝ» ትላለች።

በዓል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። «ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል» ይባላል፤ እውነት ነው። የማን አገር ግን? አንድ ዓመት ወደ አባቴ፣ አንድ ዓመት ወደ እናቴ እንሄድ ነበር። ሎንቺናው ከመርካቶ ተነሥቶ አለምገና ሲደርስ ሁላችንም ዝም እንላለን። እዚያ መንገዱ ይለያያል። ቀጥታው በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ወልቂጤ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ እምድብር ነው። በስተ ግራ የሚታጠፈው በጢያ በኩል ወደ ቡኢና ቡታጅራ ይወርዳል። ሎንቺናው ሲታጠፍ የእናቴ ፊት ይጠቁራል፤ ቀጥታ ሲሄድ አባቴ ጋቢውን ይከናነባል።

የአባቴን አገር መስቀል የማስታውሰው በአዳብና ነው። ከመስቀል በኋላ ወጣቱ ለብሶ ተኳኩሎ ገበያ ላይ ይወጣል፤ ይዘፍናል፣ ይተያያል፣ ይመራረጣል። እናቴ «በእኛ አገር እንዲህ የለም» እያለች ከአጥር ጀርባ ታይ ነበር፤ ማየቱን ግን አልተወችም። የእናቴን አገር የማስታውሰው በደንጌሳት ነው፤ ልጆች ችቦ ይዘን በየደጁ የምንሮጥበት ማታ። ቀጥሎ ክትፎው ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ውስጥ የሚቀርበው በማሽን የተፈጨ ነው፤ አልነቅፍም፣ እበላዋለሁ። የአያቴ ክትፎ ግን በካራ ነው የሚከተፈው፤ ጅማቱ በጣት እየተሳበ ይወጣል፣ ሥጋው እንደ ሊጥ እስኪለዝብ ካራው ይመላለሳል። ቅቤው ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር የተነጠረ ነው። ጣባው ውስጥ ይገባል፤ ጣባው ቀድሞ በቅቤ የራሰ ነው። የሚበላው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ሶዶም ክትፎ አለ፣ እንሰትም አለ፤ ጤፉ ግን ይበዛል፣ እንጀራውም አይጠፋም። አባቴ ቆጮ ብቻ ሲቀርብለት «እንጀራ የለም?» ይላል። ያን ጊዜ የእናቴ ወገኖች ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሃይማኖቱም እንዲሁ ነው። የአባቴ ወገን መጋቢት 5 ምድረ ከብድ አቦን ለመሳለም በእግሩ የሚሄድ ነው። በእናቴ በኩል አንድ አጎቴ ካቶሊክ ነው፤ እምድብር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር ናት። ሌላው አጎቴ ሙስሊም ነው፤ አብሬት ሼኾች ዘንድ ይሄዳል፣ አገሩ የሚገባው ለመስቀል ሳይሆን ለአረፋ ነው። አያቴ ደግሞ ጥምቀት ተጠምቃም ሰማይ ሲያጓራ የቦዠን ስም ሳትጠራ አታልፍም፤ ቦዠ የመብረቅ አምላክ ነው። አንድ ምድጃ ዙሪያ አራቱም ተቀምጠው አይቻለሁ። ማንም ማንንም «ጉራጌ አይደለህም» አላለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው።

ስለ መንገዱ ገና አልጨረስኩም። በ1950ዎቹ ጉራጌ በራሱ ገንዘብ መንገድ አሠራ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ግን አንድ ማኅበር አልነበረም። ሰባት ቤቶች የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። የሶዶ ሰዎች ደግሞ ከአለምገና ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚሄደው መንገድ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሁለቱም ከመርካቶ ነጋዴና ከቀን ሠራተኛው ገንዘብ ሰበሰቡ፣ ከመንግሥት ጋር ተዋዋሉ። አባቴ በእያንዳንዱ ጉዞ አለምገና ላይ ሲታጠፍ፣ «ይህን ጥርጊያ የምታዩት በእኔ ገንዘብ ነው» ይላል። እናቴ መስኮቱን እያየች መልስ አትሰጥም።

የቋንቋውን ልዩነት የተማርኩት ሰፈራችን ቦኖ ላይ ነው። ጎረቤታችን የስልጤ ሴት ነበረች፤ ባሏ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቡና ይነግዳል። ለእኛ ልጆች እሷም «ጉራጌ» ናት፤ ቋንቋዋም «ጉራጊኛ» ነው። አንድ ቀን ባልዲ ተሰልፎ፣ እናቴ ለእኔ «እኻ» አለች፤ ውሃ ማለቷ ነው። የስልጤዋ ሴት ለልጇ «ሚ» አለች፤ እሷም ውሃ ማለቷ ነው። ሐረር የኖረ አንድ ወታደር ከሰልፉ መሃል፣ «ሐረሮችም እንደዚሁ ነው የሚሉት!» ብሎ ጮኸ። የቄስ ትምህርት የተማረው የእኛ ቤት ተከራይ ደግሞ፣ «ማይ ነዋ፤ የግዕዙ ማይ» አለ። እናቴ ብቻ ከማንም ጋር ሳትገጥም ቀረች።

ያ ወታደር ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናግሯል። ከብዙ ዓመት በኋላ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የጉራጌ መዝገበ ቃላት ሦስት ቅጽ ነው። አንድ ሙሉ ቅጽ የተከፋፈለው ለ12 ቋንቋዎች ነው፤ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ጌቶ፣ ምሁር፣ መስቃን፣ ጎጎት (ዶቢ)፣ ሶዶ፣ ስልጢ፣ ወለኔ፣ ዝዋይ (ዛይ)። አሥራ ሁለት! የእናቴና የአባቴ አማርኛ ያን ጊዜ ገባኝ። ሮበርት ሄትዝሮን የሚባለው ሌላ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው መጽሐፍ ስልጢን፣ ወለኔንና ዛይን ከሐረሪና ከአማርኛ ጋር በአንድ ወገን አስቀምጧል፤ ክስታንኛንና የሰባት ቤት ቋንቋዎችን በሌላ። በቋንቋ ዝምድና ብቻ ከሄድን የስልጤዋ ጎረቤታችን ከእናቴ ይልቅ ለሐረሮች ትቀርባለች። እናቴ ግን ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር፤ ከስልጤዋ ጋር እንሰት ታወራለች፣ ቅቤ ትበደራለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። የቋንቋ ዝምድና አንድ ዝምድና ነው፤ የእንሰት ዝምድና ሌላ ነው። ሊቃውንቱ የመጀመሪያውን ለኩ፤ ሁለተኛውን እናቴ በየቀኑ ታየው ነበር።

እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ያስደሰተኝን ነገር ልጨምር። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በወጣትነታቸው አንድ ልብ ወለድ በቸሃ ቋንቋ ጻፉ፤ በአማርኛም አይደለም፣ በእንግሊዝኛም አይደለም። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ታተመ። ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችም። «በቸሃ? ማን ያነበዋል?» አለች። ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን ቅር ብሏት እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ። አንድም መስመር ሰምታው ስለማታውቅ ይሆናል።

ወደ 1993 ዓ.ም. ልምጣ። ያን ዓመት ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ብሔረሰብ ነው ወይስ የጉራጌ አካል ነው በሚለው ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ሕዝቡ የተለየን ነን አለ፤ ስልጤ የራሱን ዞን አገኘ፣ ወራቤ ዋና ከተማ ሆነች። አባቴ ያን ጊዜ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። በጣም ተቆጣ። «አብረን ተሸክመን አብረን ሱቅ ከፍተን፣ ዛሬ አይደለንም አሉ?» ይላል። የስልጤዋ ጎረቤታችን ግን በዚያ ሳምንት ለእናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻት። ደስ ብሏት ነበር። እናቴ ሄደች፤ አባቴ አልሄደም።

እኔ ማንን እደግፋለሁ? አባቴን እወደው ነበር፤ ግን ተሳስቶ ነበር። ስልጤዎች ትናንት ጉራጌነታቸውን ጥለው የሄዱ ሰዎች አልነበሩም። ቋንቋቸው ሌላ ነው፣ አባቶቻችን መጡ የሚሉበት አገር ሌላ ነው፣ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም ነው፣ የራሳቸው ሴራ አላቸው። ተሸካሚነት ነው አንድ ስም የሰጣቸው። ስሙ ከብዶ ያልታያቸው እንደ አባቴ ያሉ ናቸው፤ ምክንያቱም በስሙ መሃል ላይ የቆሙት እነሱ ነበሩ። በሌላ በኩል ዛሬ ደግሞ ሁሉንም ነገር በቋንቋ ብቻ ቆርጠው የሚከፋፍሉ ልጆች አያለሁ፤ እነሱም የእናቴንና የስልጤዋን ሴት ጓዳ አላዩም። በስም ጠቅልሎ መጥራትም በስም ቆራርጦ መጣልም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው፤ ሁለቱም ሰውየውን ከመጠየቅ ያድናሉ።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ጉራጌ 1,867,377፣ ስልጤ 940,766 ተብለው ለየብቻ ተቆጠሩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና ደመርኳቸው፤ 2,808,143 ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ 16.34 ጉራጌ፣ 2.94 ስልጤ። በዚያ 16.34 ውስጥ ስንቱ ክስታኔ፣ ስንቱ ቸሃ፣ ስንቱ መስቃን እንደሆነ ሠንጠረዡ አይናገርም። የቀበሌ ሠራተኛውም መታወቂያዬን ሊያድስ፣ «ብሔር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አባቴ ክስታኔ፣ እናቴ ቸሃ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ «እንደዚህ የሚባል የለም፤ ጉራጌ ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበረ። ጻፈው አልኩት።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ክልል ተከፍሎ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ጉራጌ ራሱ ለሁለት ዞን ተከፈለ። የእናቴ አገር ጉራጌ ዞን ነው፤ የአባቴ አገር ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሆኗል። የአለምገናው መታጠፊያ ካርታ ላይ ወጣ ማለት ነው።

አባቴ በ1996 ዓ.ም. ሞተ፤ እናቴ በ2001። ከሞተች በኋላ እቃዋን ስናነሣ ሙዳይዋ ውስጥ፣ ከብር ድሪዋ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። የ1954 ዓ.ም. ደረሰኝ ነው፣ ለሰባት ቤቱ መንገድ የከፈለችው፣ በራሷ ስም። ቅመም ሸጣ ያጠራቀመችው መሆን አለበት፤ አባቴ ያውቅ እንደነበር እጠራጠራለሁ። እቤት ሄጄ የሱቁን አሮጌ ፋይል ከፈትኩ፤ የአባቴ የአለምገና መንገድ ደረሰኝም ያው ዓመት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የአባቴ ሰባት ብር ነው፤ የእሷ አሥር።